«ዲ» ሁለት ማለት አይደለም፤ ስለ ዲኤንኤ ሙሉ ስም የምንሳሳታቸው ነገሮች

11ኛ ክፍል ሳለን የባዮሎጂ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ቃል ጻፉና «አንብቡ» አሉን፤ ዲኦክሲራይቦኑክሊክ አሲድ። የመጀመሪያው ልጅ «ዲኦክሲ» ብሎ ቆመ። ቀጣዩ «ራይቦ» ላይ ተደናቀፈ። ሦስተኛዋ በአንድ ትንፋሽ ተንደርድራ «ኑክሌር አሲድ» ብላ ስትጨርሰው ክፍሉ አውካካ። ያን ቀን መምህሩም አንድ ቦታ ስተው ነበር፤ እሱን ከታች አመጣዋለሁ።

ዛሬ ሁላችንም «ዲኤንኤ» ብለን እንገላገለዋለን። ሙሉ ስሙን የሚጠራው ሰው ስለሌለ ግን ስህተቶቹም የሚያርማቸው አላገኙም።

«ቃሉ ለእኛ ምላስ አይመችም»

«ስላልተገናኘንባቸው» የሚለውን ሳይተነፍስ የሚጨርስ ሰው ይህን ሊል አይገባም። ይህም እንደዚያው በቁርጥራጭ የተሰፋ ቃል ነው፦ ዲ–ኦክ–ሲ–ራይ–ቦ–ኑ–ክሌ–ኢክ። ስምንት ቁራጭ፣ በቃ።

የሚያስቸግረን አጻጻፋችን ነው። «ኦክሲ» ላይ ያለው «ክ» ሳድስ ስለሆነ አንዳንዱ «ኦኪሲ» ይለዋል፤ «ኦክ» ብሎ ቆም፣ ከዚያ «ሲ» ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ኑክሊክ» ብለን ስንጽፍ አንድ አናባቢ እንውጣለን። በእንግሊዝኛው «ኢክ» ለብቻው ይሰማል፤ ከቃሉ ሁሉ ጫን ተብሎ የሚነገረውም ከእሱ በፊት ያለው «ክሌ» ነው። «ክሌ» ነው «ክሊ» ብሎ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው፤ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ይቀበላሉ። «ራይቦ»ም የእንግሊዝኛ አነጋገር ነው እንጂ ጀርመኖች «ሪቦ» ይላሉ። አሲድ በቋንቋቸው በ«ኤስ» ስለሚጀምር አሕጽሮቱም ዲኤንኤስ ይሆናል። ፈረንሳዮች ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው «አዴኤን» ይሉታል። ወንድሙ ፓሪስ የሚኖር ሰው የላከለት የምርመራ ወረቀት ላይ ይህን ቢያይ አይደንግጥ።

«ዲ ማለት ሁለት ነው»

መምህራችን የሳቱት እዚህ ጋ ነው። «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለት ኦክስጅን አለው አይደል? ዲኦክሲም እንደዚያ ነው» አሉን፤ እኛም ደብተራችን ላይ አሰፈርነው። የሚያሳምን ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። «ዳይ» ሁለት የሚል የግሪክ ቅጥያ ሲሆን እዚህ ያለው «ዲ» ግን ከላቲን የመጣ፣ መንሳትን ማራቅን የሚያመለክት ነው። ራይቦዝ የተባለው ስኳር አምስት ኦክስጅን አለው። ሁለተኛው ካርቦኑ ላይ ያለችው አንዷ ስትነሳበት አራት ቀርተውት ዲኦክሲራይቦዝ ይባላል። ስለዚህ «ኦክስጅን የሌለው» ብሎ መተርጎምም ስህተት ነው፤ የጎደለችው አንዲት ብቻ ናት። ዲኤንኤ ራይቦዝ ካለው ዘመዱ ከአርኤንኤ ይልቅ ቶሎ የማይፈርሰው በዚህችው ጉድለት ምክንያት ነው።

«ራይቦ የሆነ የግሪክ ቃል ይሆናል»

እኔም ለዓመታት እንዲህ ይመስለኝ ነበር። «ራይቦ» ግን በግሪክም በላቲንም ትርጉም የለውም። መነሻው ግራር ነው። የግራር ሙጫ አውሮፓ የደረሰው በአረብ ነጋዴዎች በኩል ስለነበር የአረብ ሙጫ ተባለ፤ ሱዳን፣ እኛ ዘንድም ቦረናና ሶማሌ ቆላ፣ ከግራሩ ግንድ እንባ መስሎ የሚለቀመው ያው ሙጫ ማለት ነው። በሙጫው ስም አንድ ስኳር አረቢኖዝ ተባለ። በ1891 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጀርመናውያኑ ኤሚል ፊሸርና ኦስካር ፒሎቲ ከአረቢኖዝ ተነስተው አዲስ ስኳር ሠሩ። ስም ሲያወጡለት የአረቢኖዝን ፊደላት በታትነው፣ የተወሰኑትን ጥለው፣ የቀሩትን እንደገና ደረደሩ። ሪቦዝ (በእንግሊዝኛው ራይቦዝ) ወጣ። ከዚያ በላይ ምሥጢር የለውም።

«ኑክሌር ከተባለው ቦምብ የመጣ ነው»

ያቺ ልጅ ብዙም አልራቀችም፤ ቃላቱ ዘመዳሞች ናቸው። ታላቁ ግን የሕዋሱ ነው። በላቲን «ኑክሌዩስ» በቅርፊት ውስጥ ያለች የለውዝ ፍሬን የመሰለ ነገር ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ሮበርት ብራውን በ1831 የሕዋስን እምብርት በዚህ ስም ጠራ፤ የአቶሙ የመጣው ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ ከፊዚክስ ሊቁ ራዘርፎርድ ጋር ነው። አማርኛ ለውዙን ትቶ እንቁላሉን መርጧል፤ አስኳል እንላለን። ለእኔ የእኛው ይበልጣል።

«ዋትሰንና ክሪክ አግኝተው ስም አወጡለት»

እነዚህ ሁለት ሳይንቲስቶች በ1953 ያሳወቁት የዲኤንኤን ቅርጽ ነው፤ ያም የሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ምስሎች ባይኖሩ አይታሰብም። ዕቃውን ያገኘው ስዊዛዊው ፍሬድሪክ ሚሸር ነው፤ በ1869፣ ቱቢንገን በሚባል የጀርመን ከተማ፣ የድሮ ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት በነበረ ላቦራቶሪ ውስጥ። ከሆስፒታል የተጣለ ፋሻ እያመጣ መግሉን አጥቦ ነጭ የደም ሕዋሳትን ለየ፤ ከአስኳላቸው ያወጣውንም ነገር «ኑክሌይን» አለው። «አሲድ» የምትለዋን በ1889 የጨመረው ሪቻርድ አልትማን ነው። ዲኦክሲራይቦዝን ፊበስ ሌቪን የለየው በ1929 ነው። ስሙ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ስልሳ ዓመት ፈጀ።

«አሲድ ከሆነ ያቃጥላል»

አሲድ የተባለው በውስጡ ያለው ፎስፌት የሚባል ክፍል ሃይድሮጅኑን ስለሚለቅ ነው እንጂ እንደ ባትሪ ውሃ ስለሚበላ አይደለም። ካላመናችሁ ሙዝ ፍጩ። ጨው የገባበት ውሃና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምራችሁ ቀስ ብላችሁ አማስሉት፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፤ ከዚያ ፍሪጅ ያደረ አልኮል በብርጭቆው ጠርዝ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት። ከደቂቃዎች በኋላ ሁለቱ ፈሳሾች በሚገናኙበት ቦታ ነጭ ክር ክር የሚል ነገር ይንሳፈፋል፤ ንጹሕ ባይሆንም ዲኤንኤው እዚያ ውስጥ ነው። በስንጥር ጠቅልላችሁ አውጡትና ጣታችሁ ላይ አድርጉት፤ ንፍጥ ይመስላል፣ ያሙለጨልጫል፣ ሌላ ምንም አያደርግም።