የመድኃኒት አረቄ፦ አወጣጡ፣ የሚነከሩበት ቅጠሎችና ሥሮች፣ በባህላችን ያለው ቦታ

የመድኃኒት አረቄ የሚባለው በቤት የወጣ የእህል አረቄ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ ወይም ሌላ ቅጠልና ሥር ተነክሮበት ለጉንፋን፣ ለሆድ ቁርጠት፣ ለብርድና ለወባ ሲጠጣ ነው። በቬትናምና በደቡብ ቻይና እባብ በሩዝ አረቄ ተዘፍዝፎ ለመድኃኒት ይጠጣል። በእኛ አገር ግን የእባብ ሥጋ በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ስለማይበላ ማሰሮ ውስጥ የሚገባው ከምድር የበቀለው ነው። ጠላና ጠጅ ከአረቄ ይቀድማሉ፤ የማውጣቱ ጥበብ ኋላ የመጣ ነው።

መሠረቱ ጥሩ አረቄ ነው። ደካማ አረቄ ላይ የተነከረ ነጭ ሽንኩርት በቀናት ውስጥ ጠረኑ ስለሚበላሽ ዝግጅቱን ከአወጣጡ መጀመር ግድ ይላል። ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነው። አረቄ አውጪ የሆኑ እናቶች እሳቱን በዓይን፣ ጥንካሬውን በአረፋ፣ ጥራቱን በአፍንጫ ለይተው ያውቃሉ፤ ይህ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ትልቅ ሙያ ነው።

መጀመሪያ ብቅል ይዘጋጃል። ገብስ ወይም ስንዴ አንድ ቀንና ሌሊት ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ተጠልሎ በጉሎ ወይም በኮባ ቅጠል ይሸፈንና ድንጋይ ይጫንበታል። በሦስት ቀን ገደማ ያቆጠቁጣል። ቡቃያው ከእህሉ ርዝመት ሳያልፍ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። ቡቃያው ከረዘመ እህሉ ስታርቹን ለራሱ ዕድገት ስለሚጠቀምበት የሚወጣው አረቄ ይቀንሳል። ሳይደርቅ የተከመረ ብቅል ደግሞ ይሻግታል፤ የሻገተ ብቅል ጠረን እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ አይለቅም።

ጥንስሱ የሚጀመረው በደረቀና በተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ነው። ጌሾው በውኃ ተበጥብጦ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። ቀጥሎ ብቅሉና ከዳጉሳ፣ ከበቆሎ፣ ከማሽላ ወይም ከጤፍ ዱቄት የተጋገረው ቂጣ ተቆራርሶ ይጨመራል፤ በቂጣው ፈንታ እንኩሮ የሚጨምሩም አሉ። መጠኑ ከባለሙያ ባለሙያ ይለያያል። ለ20 ኪሎ እህል 4 ወይም 5 ኪሎ ብቅልና 3 ኪሎ ያህል ጌሾ ቢሆን አያሳፍርም። ድፍድፉ ከጠላ ወፈር ይላል፤ አምስት ስድስት ቀን ይፈላል። ማፍላቱ ሲበርድ፣ ገለባው ሲዘቅጥና ከላይ ያለው ሲጠራ ደርሷል። እዚህ ላይ የሚዘገይ ሰው ይከስራል፤ አየር ያገኘው ድፍድፍ ወደ ኮምጣጤነት ይሄዳልና አልኮሉ ይጠፋል። ደጋ ላይ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ማሰሮው በጆንያ ይጠቀለላል ወይም ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል።

ለማውጣት ድፍድፉ በሸክላ ማሰሮ ወይም በበርሜል ይጣዳል። ማሰሮው ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ይሞላል፤ ከዚያ ካለፈ አረፋው በቱቦው አልፎ ከአረቄው ጋር ይቀላቀላል። ከክዳኑ የሚነሳው የመቃ ወይም የቀርከሃ ቱቦ (አሁን አሁን የመዳብ ወይም የብረት) ቀዝቃዛ ውኃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ወደተቀመጠው መቀበያ ያመራል። መገጣጠሚያው ሁሉ በሊጥ ወይም በጭቃ ይመረጋል፤ እንፋሎት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ካለ የሚያመልጠው አልኮሉ ነው። እንፋሎቱ ለእሳት ቅርብ ከሆነም ይቀጣጠላል።

እሳቱ ልከኛ መሆን አለበት። ሲበዛ ዝቃጩ ከታች ያርና አረቄው የማረር ሽታ ይይዛል፤ ይህን ሽታ ዳግም ማውጣትም አያጠፋውም። የገንዳው ውኃ እጅ ሲነካው ለብ ካለ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ እንፋሎቱ ሳይጤዝ ይሄዳል። ከ20 ሊትር ጥሩ ድፍድፍ 2 ወይም 3 ሊትር አረቄ ይጠበቃል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ጥቂቱ አፍንጫ የሚወጋ ስለሆነ ጠንቃቃ አውጪ ትደፋዋለች። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ውኃማ፣ ጎምዛዛና ከባድ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ማሰሮ ይቀመጣል።

በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ነው። እንደገና ሲጣድ ዳግም አረቄ ይሆናል። በ1977 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ተራው 34 በመቶ፣ ዳግሙ 45 በመቶ አካባቢ አልኮል እንዳለው አሳይቷል። ከ10 ሊትር ተራ አረቄ 6 ወይም 7 ሊትር ዳግም ይገኛል። ለመድኃኒት የሚመረጠው ዳግሙ ነው፤ ጠንካራው አልኮል የቅጠሉንና የሥሩን ዘይት በደንብ ያወጣል፣ መበላሸትንም ይከላከላል። ጥንካሬው ጠርሙሱን ነቅንቆ አረፋው ምን ያህል እንደሚቆይ በማየት ወይም በክብሪት በመለኮስ ይለካል። የክብሪቱ ፈተና ጥንካሬን እንጂ ንጽሕናን አይናገርም።

ለነጭ ሽንኩርት አረቄ በአንድ ሊትር ዳግም ከሦስት እስከ አራት ራስ ነጭ ሽንኩርት ተልጦና በትንሹ ተደቅቆ ይነከራል። ከተፈጨ ይደፈርሳል፤ ለማጥለልም ያስቸግራል። አፉ በሚገጥም ጠርሙስ ከሰባት እስከ አሥራ አምስት ቀን በጥላ ይቆይና ይጠለላል። ብዙዎች ጣት የሚያህል ዝንጅብልና አንድ ሁለት ማንኪያ ማር ይጨምሩበታል፤ ማሩ የሚገባው ከተጠለለ በኋላ ነው። ጤና አዳም በአንድ ሊትር ከአንድ ዘለላ አይበልጥም፤ ከበዛ ይመራል። የማሕፀን መኮማተር ስለሚያስከትል ነፍሰ ጡር ፈጽሞ አትቀምሰውም። ልማዱ አንድ መለኪያ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ወይም ማታ ከመኝታ በፊት። ለብርድና ለወገብ ሕመም የሚያሹበትም አሉ።

በጎጃም የግብጦ አረቄ ከሁሉም ይከበራል። ግብጦ በሜጫ፣ በሰከላ፣ በዳንግላና በአካባቢው የሚበቅል መራራ ጥራጥሬ ነው። ይቆላል፣ በወራጅ ውኃ ለቀናት ይዘፈዘፋል፣ ይፈተጋል፣ ከዚያ ለመብል ወይም ለአረቄ ይውላል። የዝፍዘፋው ነገር ቀልድ የለውም፤ በፍሬው ያለው መራራ ንጥረ ነገር ካልታጠበ ይመርዛል። የግብጦ አረቄ ለደም ግፊት ይበጃል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ሲሆን ከሌላው አረቄ በውድ ዋጋ የሚፈለገውም በዚህ ነው። የፍሬው ምግብነት አያጠያይቅም። አረቄውን በተመለከተ ግን መራራው ንጥረ ነገር በእንፋሎት በቀላሉ የሚወጣ አይደለም፤ አልኮል ራሱ ደግሞ ዘወትር ሲጠጣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ክኒኑን በግብጦ አረቄ መተካት የለበትም።

ከቁርጥ ሥጋ በኋላ አረቄ መጎንጨት በመላው አገሪቱ የተለመደ ነው። ማወራረጃ ሆኖ ማገልገሉ ሳይካድ፣ ኮሶውን ይገድላል መባሉ ግን ልክ አይደለም። በሥጋው ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል እጭ የሚገድለው በደንብ መብሰል ነው። ለትሉ የነበረው የአገር መድኃኒት የኮሶ አበባ፣ እንቆቆና መተሬ ነው፤ አሁን በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክኒን ከእነዚህ ይልቅ የሚመጠን ነው። ወባም እንዲሁ ነው። በቆላ ነጭ ሽንኩርት አረቄ እየጠጣ ትኩሳቱን የሚያስታምም ሰው ጊዜውን ያጠፋል፤ ትኩሳት በያዘው ዕለት ደም መመርመር አለበት። የስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳና የጉበት ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ፣ እንዲሁም ሜትሮኒዳዞል የተባለውን ክኒን የጀመሩ ሰዎች ከማንኛውም አረቄ መራቅ አለባቸው።

ሜታኖል ስለሚባለው መርዛማ አልኮል ብዙ ይወራል። የእህል ድፍድፍ ሜታኖል የሚያመነጨው በጣም ጥቂት ነው። ሰው የሚገድለው በአብዛኛው ለማጠናከር ተብሎ ከውጭ የሚጨመረው የኢንዱስትሪ አልኮል ነው። ምልክቱ ከስካር ይለያል፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ዓይን ይጨልማል፣ ሆድ ይታመማል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ይህ የታየበት ሰው ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል። ስለዚህ ለመድኃኒት የሚነከር አረቄ ከምታውቃት አውጪ እጅ ይገዛል፤ ከማይታወቅ ጀሪካን አይቀዳም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ የከለከለ ሲሆን፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም አግዷል። የቤት አረቄ መለያና ልኬት ስለሌለው ቁጥጥሩ በተግባር አይደርስበትም።

ለገበያ በብዛት ከሚወጣባቸው ከተሞች ቀዳሚዋ አርሲ ነገሌ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ከሻሸመኔ በፊት ትገኛለች። አረቄዋ በጀሪካን እየተጫነ ብዙ ከተሞች ይደርሳል፤ ደብረ ብርሃንም በአረቄዋ ስሟ ይነሳል። በአርሲ ነገሌ ለብዙ ሴቶች አረቄ ማውጣት የልጆች ትምህርት ቤት ወጪና የቤት ኪራይ የሚሸፈንበት ሥራ ነው። ጉዳቱ በማገዶው ላይ ነው። እያንዳንዱ ማሰሮ ለሰዓታት ስለሚነድበት የሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ጫና በርትቶበታል። ምድጃውን በጭቃና በድንጋይ ከቦ ነፋስ መከለል እንጨት ይቆጥባል፤ እሳቱንም የተረጋጋ ስለሚያደርገው የማረር ሽታውን ይቀንሳል። ማሰሮው ውስጥ የሚቀረው አተላ ለከብት ማድለቢያ ይሸጣል። ከእሳት እንደወረደ አይሰጥም፤ ቀዝቅዞ ከጭድ ጋር ይቀላቀላል፣ ለማያውቀው በሬም ከትንሽ ተጀምሮ በቀናት ውስጥ ይጨመርለታል። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ የቆየ አተላ ስለሚኮመጥጥ የበሬውን ሆድ ያበላሻል።