ኦፓል ጠበል ውስጥ ለምትነክሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከተራውንና ጥምቀቱን በሰላም አሳልፈን፣ ቃና ዘገሊላን አክብረን፣ ጥር 13 የአባታችንን የአቡነ ዘርዓ ብሩክን በዓል ዋልን። ለዚህም አምላካችን የተመሰገነ ይሁን። ነገር ግን በየጠበሉ ዙሪያ ከጧፉና ከመቍጠሪያው ጎን ክር የገባበት ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ መሸጡን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ገዢው «ኩባያ ጠበል ውስጥ ጣለው» ይባላል። ያ እንደ ቀስተ ደመና የሚጫወተው ቀለም ጠፍቶ ድንጋዩ እንደ ብርጭቆ ከጠራ «ዓይነ ጥላህን ሳበው»፤ ደርቆ ቀለሙ ሲመለስ «ተፈታህ»። ከዚያ ማዕተብ ላይ ከመስቀሉ ጋር ይታሰራል።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከወሎ፣ ከደላንታ ወገል ጤና፣ በብዛት የሚወጣው ኦፓል ውኃ ጠጪ ነው። ድንጋዩ የተሠራው ሲሊካ ከተባለው ማዕድን፣ ዓይን ከማያያቸው እንክብሎች ነው። ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ተበትኖ ቀለም ይሰጣል። ውኃ ቀዳዳውን ሲሞላው ብርሃኑ እንደ ቀድሞው አይበተንም፤ ድንጋዩ ይጠራል። ጠበል ይሁን የቧንቧ ውኃ ለድንጋዩ ልዩነት የለውም፤ የሚጠራጠር ካለ ሁለት ኩባያ አስቀምጦ ይሞክረው። በጥላ ቀስ ብሎ ሲደርቅ በቀናት ውስጥ፣ ወፈር ያለው ከሳምንት በኋላም ቢሆን ቀለሙ ይመለሳል። ለማፍጠን ብለው ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ዳር ካስቀመጡት ይሰነጠቃል። ያኔ ደግሞ «መንፈሱ ሲወጣ ሰነጠቀው» ይባላል!

እጅግ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ውኃ የማይጠጣ ኦፓል አለ፤ ብርጭቆና ፕላስቲክም ኦፓል ተብሎ ይሸጣል። ይህ የደረሳት ምስኪን እናት ድንጋዩ አልለወጥ ሲላት «ያልተናዘዝሽው ኃጢአት አለ» ተብላ እያለቀሰች ትመለሳለች። ቀለም የተነከረ ኦፓል የገጠመው ደግሞ ድንጋዩ የለቀቀውን ማቅለሚያ ከጠበሉ ጋር ይጠጣል።

ፈረንጆቹም በዚሁ ድንጋይ ብዙ አውርተዋል። በመካከለኛው ዘመን በቅጠል ጠቅልሎ የያዘውን ከሰው ዓይን ይሰውራል ሲሉት የሌቦች ደጋፊ ተብሎ ነበር። እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ1829 በብሪታንያ በታተመ ልብ ወለድ ደግሞ አንዲት ሴት ፀጕሯ ላይ ባደረገችው ኦፓል ላይ ጠበል ጠብ ሲልበት ቀለሙን ያጣል፣ እርሷም ብዙ ሳትቆይ ትጠፋለች፤ ከዚያ በኋላ ኦፓል ገደ ቢስ ነው የሚለው ወሬ ለብዙ ዘመን ቆየ። አስተውሉ፤ እዚያ ጠበል ነክቶት ቀለሙ ሲጠፋ መርገም ተባለ፣ እዚህ ፈውስ።

ሻጮቹ «በአሮን ደረት ላይ ዕንቍ ነበረ» እያሉ ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ነበረ። ግን ዘጸአት 28ን እስከ መጨረሻው እናንብብ። የደረቱ ኪስ ስንዝር በስንዝር፣ ድርብ ነው፤ በአራት ተራ ሦስት ሦስት ዕንቍ አለበት፤ በእያንዳንዱ ላይ እንደ ማኅተም የአንድ ነገድ ስም ተቀርጿል። በሁለቱ ትከሻ ላይ ደግሞ ሁለት ድንጋይ፣ በአንዱ ስድስት ስም፣ በሌላው ስድስት። ለምን? ቁጥር 29 ይመልሳል፤ ወደ መቅደሱ ሲገባ የእስራኤልን ልጆች ስሞች በልቡ ላይ ይሸከም ዘንድ። ወገኖቼ፣ አሮን የሌላውን ስም ተሸክሞ በእግዚአብሔር ፊት ይቆም ነበር እንጂ ድንጋዩ ከጎረቤቱ ዓይን እንዲጠብቀው አልያዘውም። እኛ አንገታችን ላይ ባሰርነው ድንጋይ ላይ የማን ስም አለ? ያስቀየምነው ወንድም ስም አለ? ጎረቤትን ቡዳ ነው ብሎ ፈርቶ ድንጋይ ማሰር፣ ያንኑ ጎረቤት በጸሎት ከመሸከም ጋር እንዴት ይስማማል?

የግሽ ዓባዩን አባት እንመልከት። አቡነ ዘርዓ ብሩክ ተይዘው ሲወሰዱ የጸሎት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡ፤ ሲመለሱም ውኃው ሳያርስ መለሰላቸው፤ ገድላቸው እንዲህ ይላል። በዚህ ተአምር ውኃው የታዘዘው ጌታን ነው፤ ጻድቁ የያዙት ጸሎትን ነው። በበዓላቸው ቀን ጸሎቱን ትተን ድንጋይ ብንገዛ ምን ይሉናል?

በጥንቱ የሎዶቅያ ጉባኤ የተሰበሰቡ አባቶች በ36ኛው ቀኖናቸው ካህናት ክታብ እንዳይሠሩ ከልክለው፣ ክታብ የሚያስሩትንም ከቤተ ክርስቲያን እንዲለዩ አዘዋል። ይህን ለገዢው ብቻ አልናገርም፤ እያወቁ ዝም ለሚሉ፣ ከዚያም ብሰው ድንጋዩን ለሚባርኩ አገልጋዮች ጭምር ነው።

አስቀድማችሁ ያሰራችሁ ግን አትደንግጡ። ድንጋዩ የተረገመ አይደለም፤ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፣ ዓባይ ውስጥ መወርወር አያስፈልግም። ከማዕተቡ ፍቱትና መስቀሉን ብቻ ተዉት። ለንስሐ አባታችሁ ሳታፍሩ ንገሩ። ድንጋዩን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በጥላ አድርቁት። ቅባ ቅዱስ የተቀባ ከሆነ ዘይቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ያደበዝዘዋል፣ እንደ ውኃው ተንኖ አይወጣም። መሸጥ ከፈለጋችሁ በደንብ ከደረቀ በኋላ ይመዘን፤ ውኃ የጠጣ ክብደቱ ይጨምራልና በግራም የሚገዛችሁ ይታለላል። እንደ ጌጥ ብታደርጉትም ማንም አይከሳችሁም።

ልጃችሁ የሚጥል በሽታ ይዞት «ድንጋዩ ስቦለታል» ተብላችሁ ክኒኑን ያቋረጣችሁ ካላችሁ ግን ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ አስተምረዋል፤ የልጃችሁም ክኒን ከጠበሉ ጋር አይጣላም። ጠበሉን ያስጠምቁት፣ ክኒኑንም በሰዓቱ ይዋጥ።