እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ስለታቀፈችው ነው

ሞተር ሳይክሉን ፈታትቶ ግቢው ውስጥ በላስቲክ ሸፍኖ ያስቀመጠ ወዳጅ አለኝ። ክረምት መጥቶ ሄዷል፣ ሞተሩ እዚያው ነው። መቼ ልትገጥመው ነው ስለው ፈገግ ብሎ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አይለኝም መሰላችሁ!

ትርጉሙን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላደርቃችሁም። የሚያበግነኝ ተረቱ የስንፍና ማሳመሪያ መሆኑ ነው። ተረቱን መጀመሪያ የተረተው ሰው ዶሮ ስትታቀፍ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው፣ እምላለሁ።

እኛ ቤት እንቁላል የምታስታቅፈው አያቴ ነበረች። አፉ የተሸረፈ እንስራ ውስጥ ጭድ ትጎዘጉዝና ከበሩ ጀርባ፣ ጨለም ያለው ጥግ ላይ ታስቀምጠዋለች። እንቁላሎቹን በከሰል ምልክት ታደርግባቸዋለች፤ ሌላ ዶሮ ገብታ አዲስ ብትጥልበት እንዲለይ። ከዚያ በኋላ 21 ቀን ነው። ዶሮዋ ጥሬ ለመልቀም ብድግ ትልና እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ ሮጣ ትመለሳለች። በመንቁሯ አንድ በአንድ ታገላብጣቸዋለች፤ ያልተገላበጠ ጽንስ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃልና። ትከሳለች፣ የሆዷ ላባ ይረግፋል፣ ሰው እጁን ሲሰድ ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች። ሌሊት ደግሞ ሸለምጥማጥ አለ። መጨረሻ አካባቢ አያቴ ዞር ስትል እንቁላሉን ጆሯችን ላይ እንለጥፈው ነበር፤ ጫጩቱ ገና ሳይወጣ ከውስጥ ሲጮህ ይሰማል። ይሄ ሁሉ እንግዲህ «ቀስ በቀስ» በምትለው ውስጥ አለ።

ከየት መጣ ካላችሁኝ፣ መነሻው እንቆቅልሽ ነው ባይ ነኝ። ማስረጃ አትጠይቁኝ። ግን አስቡት፤ ማታ ምድጃ ዳር «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ»፣ «ያለ እግር ተወልዶ በእግሩ የሚሄድ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከእንቁላል ሌላ ምን ሊሆን ነው? ልጁ ግራ ሲገባው አንዷ እናት መልሱንና ምክሩን ባንድ ላይ ነገረችው፣ እሱው ተረት ሆኖ ቀረ። እናት ያልኩትም ያለ ነገር አይደለም፤ ዶሮ የሚጠብቀው ማን ሆነና? አባት ቢሆን ኖሮ ስለ በሬ ይተርት ነበር።

ወዳጄ ሞተር ካነሳ አይቀር፣ የሞተር ታሪክ ራሱ ለዚህ ተረት ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ካርል ፎን ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ማንሃይም ውስጥ ባለሁለት ጎማ የእንጨት ተሽከርካሪ ሠርቶ ወጣ። ፔዳል የለውም፤ ተቀምጠውበት መሬቱን በእግር እየገፉ ነው የሚሄዱት። ከዚያስ? ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰው ከሞላ ጎደል ተወው። ፓሪስ ውስጥ ከፊት ጎማው ላይ ፔዳል ተገጥሞለት በእነ ሚሾ ወርክሾፕ በብዛት መመረት የጀመረው በ1860ዎቹ ነው። ወደ ሃምሳ ዓመት ግድም! ይሄ «ቀስ በቀስ» አይባልም፣ ዶሮዋ ጥላው ሄዳ ነው።

የታቀፈው ሲገኝ ግን እዩት። ኮቨንትሪ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ይሠራ የነበረው ጄምስ ስታርሊ ትልቅ የፊት ጎማ ያለውን ሠራ፤ የወንድሙ ልጅ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ደግሞ በ1885 ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ጎማ ወስዶ ሮቨርን አወጣ፣ የዛሬው ብስክሌት ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቤልፋስት ያለው የእንስሳት ሐኪም ደንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማ አስመዘገበ፤ የሞከረው በልጁ ባለሦስት ጎማ ሳይክል ላይ ነበር። በዚያው በ1885 ጀርመን፣ ካንሽታት ውስጥ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባክ የግማሽ ፈረስ ጉልበት ሞተር በእንጨት ተሽከርካሪ ላይ ገጠሙ። የዳይምለር ልጅ ሲነዳው ሞተሩ ከመቀመጫው ስር ነበርና ኮርቻው በእሳት ተያያዘ ይባላል። በ1894 ሙኒክ ላይ ሂልደብራንድና ቮልፍሙለር ሞተር ሳይክል እያመረቱ ለገበያ አቀረቡ። ሁሉም ሲያገላብጡ የከረሙ ናቸው።

ስለዚህ ተረቱን ታቴ ለሚል ሕፃን በሉት። ጋራዥ ገብቶ ብሎን መፍታት ለጀመረ ልጅ በሉት፣ ያምርበታል። ፋይላችሁን ከመሳቢያ ሳያወጣ «ቀስ በቀስ እንቁላል…» ብሎ ለሚያጽናናችሁ የቢሮ ሰው ግን ዝም አትበሉ፤ እንቁላሉን ማን እንደታቀፈው ጠይቁልኝ።