ፎሊክ አሲድ ምንድን ነው? ለምንስ ከእርግዝና በፊት ይጀመራል?

ፎሊክ አሲድ ቪታሚን ቢ 9 የሚባለው ንጥረ ነገር በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በክኒን ወይም ከዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የሚቀርብበት መልኩ ነው፤ በምግብ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ደግሞ ፎሌት ይባላል። ሰውነት ደም ለመተካትና አዳዲስ ሕዋሳት ለመሥራት ዘወትር ይፈልገዋል፤ ገና በመፈጠር ላይ ያለ ፅንስ ግን ሕዋሳቱ ያለ ዕረፍት ስለሚባዙ ፍላጎቱ ከሁሉም ይበልጣል። በሰሜን ሸዋ ብዙ እናቶች ይህን ንጥረ ነገር የሚያገኙት በእርግዝና ክትትል ጊዜ ከአይረን ጋር በአንድ ክኒን ተዋሕዶ ሲሰጣቸው ነው። ያ ክኒን የደም ማነስን ለመከላከል እጅግ ይጠቅማል፤ ለፎሊክ አሲድ ዋና ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል።

ዋናው ሥራ የሚከናወነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ኋላ አንጎልና ኅብለ ሠረሰር የሚሆነው የፅንሱ ክፍል ሲጀመር ጠፍጣፋ ነው፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ጠርዞቹ ተነሥተው ይገናኙና የነርቭ ቱቦ የሚባለውን ይሠራሉ፤ ቱቦውም ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀናት ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ከላይ በኩል ሳይዘጋ ሲቀር አንጎልና የራስ ቅል በሚገባ አይፈጠሩም፤ አኔንሴፋሊ የተባለው ይህ ጉዳት ያለበት ሕፃን በሕይወት አይቆይም። ክፍተቱ ከጀርባ በኩል ሲሆን ስፓይና ቢፊዳ ይባላል፤ ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ እብጠት ወይም ቁስል ይዞ ይወለዳል፣ እንደ ክፍተቱ ቦታና ስፋት እግሩን ማዘዝና ሽንቱን መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል፣ በጭንቅላቱ ውስጥም ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል።

አሁን ቀኑን እናስላ። ቱቦው ተዘግቶ በሚያልቅበት ቀን የእናትየዋ የወር አበባ የቀረው ገና ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። በመንዝም ሆነ በጣርማ በር ገጠር፣ ውኃ የምትቀዳ፣ ኩበት የምትጠፈጥፍ፣ እርሻውንም የምታግዝ ሴት ሁለት ሳምንት ቢዘገይባት ድካም ነው ብላ ታልፈዋለች፤ ሁለተኛው ወር ሲቀር ትጠረጥራለች፣ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደውም ብዙውን ጊዜ ሆዷ መታየት ሲጀምር ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ ቀትር ላይ ወንዝ ወርዳ ነው፣ ለካፊ አግኝቷት ነው እየተባለ እናቲቱ መወቀሷ እጅግ ያሳዝናል፤ እርሷ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ያለቀ ነገር ነውና።

ፎሊክ አሲድ አስቀድሞ ሲወሰድ ይህን ጉዳት በብዛት እንደሚከላከል በማያሻማ መንገድ ያሳየው፣ በብሪታኒያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት መሪነት በ7 አገሮች ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ጥናት ነው። ቀድሞ የነርቭ ቱቦ ጉዳት ያለበት ፅንስ ያረገዙ ሴቶች ከቀጣዩ እርግዝና በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊ ግራም ሲወስዱ፣ ጉዳቱ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሌሎች ሴቶች የሚመክረው በቀን 400 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ ለመውለድ ካሰቡበት ጊዜ ጀምሮ እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ ነው። ሁሉንም ጉዳት አያስቀርም፤ ነገር ግን በእናቲቱ እጅ ካሉት መከላከያዎች ሁሉ ይህን የሚተካ የለም።

ምግቡስ? ሰሜን ሸዋ በፎሌት ምንጭ ድሃ አይደለም። የደጋው ባቄላ፣ የሞረትና ጅሩ ምስር፣ የምንጃር ሽምብራ፣ የሸዋ ሮቢት ቆላ ማሾ፣ በየጓሮው የሚበቅለውም ጎመን ፎሌት አላቸው። ችግሩ ፎሌት ሙቀት የማይችልና በውኃ የሚሟሟ መሆኑ ነው። ጎመኑ ለረጅም ጊዜ ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ አረንጓዴው ውኃ ይደፋል፤ ፎሌቱም ብዙው አብሮ ይደፋል። ጎመኑን በጥቂት ውኃ ለአጭር ጊዜ ማብሰል፣ የንፍሮውን ውኃ ለወጥ መጠቀም፣ በወቅቱም የባቄላ እሸት መብላት ጥቅሙን ያቆየዋል። ይህ ሁሉ ግን ክኒኑን አይተካም። አሜሪካን የመሳሰሉ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ፎሊክ አሲድን በፋብሪካ ዱቄት ውስጥ እንዲገባ ያስገደዱትም ምግብ ብቻውን ስለማይበቃ ነው፤ እህሉን ከጎተራ አውጥቶ በሰፈር ወፍጮ ቤት የሚያስፈጭ ቤተሰብ ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ዱቄት ተጠቃሚ አይሆንም።

ስለዚህ ጥያቄው ክኒኑ መቼ ይጠየቅ የሚለው ነው። በእኔ እምነት ሁለት አመቺ ጊዜያት አሉ። አንደኛው ከሰርግ በፊት ነው፤ እጮኛሞች ለደም ምርመራ ወደ ጤና ተቋም መሄድን ለምደዋል፣ የጥር ሙሽራም በዚያው ዕለት ስለ ፎሊክ አሲድ ብትጠይቅ ከበቂ በላይ ጊዜ ይኖራታል። ሁለተኛው የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚቆምበት ቀን ነው፤ በክንድ የተቀበረውን ለማስወጣት ወይም መርፌውን ለማቆም የወሰነች ሴት በሚቀጥሉት ወራት ልታረግዝ እንደምትችል ታውቃለችና፣ ከባለሙያው ፊት ሳትነሣ ብትጠይቅ መልካም ነው። ባልም ይህን ቢያውቅና ቢያስታውሳት ትልቅ እገዛ ነው።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ሕፃን የወለደች ሴት ከ400 ማይክሮ ግራም እጅግ የሚበልጥ መጠን ስለሚያስፈልጋት ከማርገዟ በፊት ሐኪም ማማከር አለባት። የስኳር ሕመም ያለባትም እንዲሁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በተለይም ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት መድኃኒቱ ራሱ ጉዳቱን ሊያመጣ ስለሚችል ለማርገዝ ስታስብ አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር ይኖርባታል፤ በራሷ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ለእርሷም ለፅንሱም አደገኛ ነው። ከ12 ሳምንት በኋላም ከአይረን ጋር የተዋሐደው ክኒን እስከ ወሊድ ድረስ በየቀኑ ይቀጥላል።