የተልባ ዘይት ቅብ ምንድን ነው? የጠመንጃ እንጨትና የእርጥበት ጣጣ

ክረምት ሲገባ አልዘጋ የሚል በር ቤታችሁ አለ? በጋ ላይ በአንድ ጣት የሚዘጋው በር ሐምሌ ላይ በትከሻ ካልገፉት አይገባም። ጥቅምት ሲመጣ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይስተካከላል። የዚያ በር ነገር የገባው ሰው፣ የጠመንጃ ሰደፍ ለምን ዘይት እንደሚቀባ ግማሹን ተረድቷል።

እንጨት ተቆርጦ፣ ተላልጎ፣ ዕቃ ከሆነ በኋላም ውሃ መጠጣቱን አይተውም። አየሩ ሲረጥብ ይስባል፣ አየሩ ሲደርቅ ይተፋል። የአየሩ እርጥበት 30 በመቶ ገደማ የሆነ ክፍል ውስጥ የከረመ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 6 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል። አየሩ 65 በመቶ ሲሆን ወደ 12 ይደርሳል፣ 90 ሲሆን ደግሞ ወደ 20 ይጠጋል። ውሃው ሲገባ እንጨቱ ያብጣል። ቁመቱ አይጨምርም ማለት ይቻላል፤ የሚያብጠው በወርዱ ነው። 4 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው የዋልነት እንጨት (ሰደፍ የሚሠራበት ጠንካራ እንጨት ነው) የያዘው ውሃ ከ6 ወደ 12 በመቶ ቢያድግ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል።

ግማሽ ሚሊሜትር ምን አላት? በር ላይ ምንም። ጠመንጃ ላይ ግን ብዙ አላት። በርሜሉ የተኛው እንጨቱ ውስጥ በተቦረቦረ ቦይ ነው። ዒላማ የሚተኩሱ ሰዎች በርሜሉና እንጨቱ እንዳይነካኩ ይፈልጋሉ፤ መሀላቸው ክፍተት መኖሩን የሚፈትሹትም አንድ የብር ኖት አስገብተው እየጎተቱ ነው። ኖቱ ሳይያዝ ካለፈ ደህና ነው። አሁን እንጨቱ አብጦ በርሜሉን ባንድ ጎን ሲገፋው አስቡት። ትናንት ልክ የነበረው ዒላማ ዛሬ ወደ ግራ ይስታል። ሰውየው መሣሪያውን ይራገማል፣ ጥይቱን ይጠረጥራል። እንጨቱን ማንም አይጠረጥርም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የተልባ ዘይት የሚመጣው።

አዎ፣ ያው የምናውቀው ተልባ። ተቆልቶ ተወቅጦ የሚጠጣው። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» እያልን የምንቀልድበት። ዘሩ ሲጨመቅ የሚወጣው ዘይት አንድ ልዩ ጠባይ አለው፦ ይደርቃል። ይደርቃል ስል እንደ ውሃ ይተናል ማለቴ አይደለም፣ ልክ እንደዚያ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ይወስድና እርስ በርሱ እየተያያዘ ፈሳሽነቱን ትቶ ስስ፣ ለዘብ ያለ ጠጣር ነገር ይሆናል። ሲደርቅ እንዲያውም ክብደቱ ይጨምራል።

ሁሉም ዘይት እንዲህ አያደርግም። ቅቤ ብትቀቡበት እንጨቱ ያምራል፣ ከሳምንት በኋላ ግን ይከረፋል፣ አቧራውንም ሰብስቦ ይይዛል። የወይራ ዘይትም አይደርቅም። ኑግ መሀል ላይ ነው። ይደርቃል፣ ግን ይንቀራፈፋል፤ እስኪደርቅም ድረስ እጅ ላይ ሙጭጭ ይላል። ተልባ ከሁሉም ፈጣኑ ነው ባይባልም በቀላሉ ከሚገኙት ውስጥ ጎበዙ እሱ ነው።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። ጥሬው ለመድረቅ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። ሁለተኛው «የተፈላ» ይባላል። ስሙ ያሳስታል፣ ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው እሳት አላየም። እንደ ማንጋኒዝና ኮባልት ያሉ ብረታ ብረት ነክ ማድረቂያዎች የተጨመሩበት ነው፣ ስለዚህ በአንድ ቀን ገደማ ይደርቃል። ይሄኛው ለመብል አይሆንም፤ ጠርሙሱን ኩሽና ውስጥ አታስቀምጡ።

የእንግሊዝ ወታደሮች ሊ-ኤንፊልድ ጠመንጃቸውን ጥሬ የተልባ ዘይት እያሹ ነው የኖሩት። በየዕለቱ ከሚሠሩት ሥራ አንዱ ነበር። ስለዚህ ዘይቱ ውሃን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል ብለው ብዙዎች ያምናሉ። እኔም አምን ነበር።

አይዘጋም። እውነቱ ይሄ ነው። የተልባ ዘይት የዝናብ ጠብታን ለጊዜው ያንሸራትታል። በአየር ውስጥ ያለውን እንፋሎት ግን ብዙም አይከለክልም፤ እርጥብ ክፍል ውስጥ ሳምንታት ከቆየ በዘይት የታሸ እንጨትም እንዳልታሸው ያብጣል። ቫርኒሽ ከሱ ይሻላል፣ ኢፖክሲ የሚባለው ተቀላቅሎ የሚደነድን ሙጫ ደግሞ ከቫርኒሽ ይበልጣል። ታዲያ ለምን ይቀባል? አንደኛ፣ ድንገተኛ ዝናብ ላይ ጊዜ ይሰጣችኋል። ሁለተኛና ለኔ ዋናው፣ ለጥገና ይመቻል። ቫርኒሽ ሲጫር ውሃ በጭረቱ ይገባና ከሥር ይነጣል፣ ከዚያ ቅርፊቱ ይነሳል፣ ሁሉንም ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። ዘይት የታሸ እንጨት ሲጫር የተጫረውን ቦታ ብቻ በጣት እንደገና ማሸት ነው፤ አለቀ።

ልጅ ሆኜ አያቴ ግድግዳ ላይ የምትንጠለጠል ውጅግራ ነበረችው። (ፉዚ ግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው አፋችን ላይ ውጅግራ የሆነው።) አንድ ነሐሴ ከለቅሶ ሲመለስ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘውና ጋቢውም ጠመንጃዋም ሾቀ። እኔ ደግሞ መልካም የሠራሁ መስሎኝ ማታ ጠመንጃዋን ምድጃው አጠገብ አቆምኳት። ጠዋት ከአንገቷ (እጅ ከሚጨብጣት ቀጭን ቦታ) እስከ ሰደፏ ድረስ ጥፍር የምታስገባ ስንጥቅ ወጥቶባታል። አያቴ አገላብጦ አየና «አሞቅሃት? ገደልኳት በለኛ!» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም፣ እሱ ነበር የባሰው።

ምን ሆኖ ነው? የላይኛው እንጨት በእሳቱ ቶሎ ደርቆ ሲሰበሰብ ውስጡ ገና እንዳበጠ ነበር። መሰብሰብ ያልቻለ እንጨት ይሰነጠቃል። አያቴ ያዳናት በእርጥብ ጠፍር ነው፤ አንገቷን ጠምጥሞ አሰረና ጥላ ላይ አደረቃት። ጠፍሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ ስንጥቁን ግጥም አደረገው። እንጨቱን የሰነጠቀው መድረቅ፣ ቆዳው ላይ ሲሆን ጠጋኝ ሆነ።

ስለዚህ ጠመንጃ ዝናብ ሲመታው፣ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ውሃውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከከረጢቱ ወይም ከቆዳ ማኅደሩ አውጡት (ማኅደር ውስጥ መተው ማለት በእንፋሎት ማብሰል ነው)፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ላይ ተዉት። ፀሐይም እሳትም ይቅር።

ሰው የሚስተው ነገር ግን ይሄ አይደለም። ሁሉም የሚያሸው የሚታየውን፣ የሚያብረቀርቀውን ጎን ነው። ውሃ የሚገባው ደግሞ በማይታየው ነው። እንጨት ማለት ተጠቅልሎ የታሰረ የመምጠጫ ቀሰም ነው ብትሉ አትሳሳቱም፤ ከጎኑ ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ከተቆረጠው ጫፉ ግን ይጎነጫል። ሰደፉ ጫፍ ላይ ያለውን ብረት በሁለቱ ብሎን ፈታችሁ ከሥሩ እዩ። ባዶ፣ ግራጫ፣ ዘይት ነክቶት የማያውቅ እንጨት ታገኛላችሁ። አንዳንዴም ሻጋታ። የበርሜሉ ቦይና የብሎን ቀዳዳዎቹም እንደዚያው ናቸው። እነዚህን ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪጠግቡ ቀቡ፤ ከውጪው አሥር ጊዜ ከማሸት ይበልጣል።

የውጪው አቀባብ ቀላል ነው። ቆሻሻውን ጥረጉ። ጥቂት ጠብታ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እስኪሞቅ እሹ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩና የተረፈውን በሙሉ ጥረጉ። በሙሉ! ሳይጠረግ የቀረ ዘይት ሙጫ ሆኖ ይቀራል። የድሮ እንጨት ሠራተኞች ልማድ አላቸው፦ ለሳምንት በየቀኑ፣ ለወር በየሳምንቱ፣ ለዓመት በየወሩ፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ በዓመት አንዴ።

አንድ ሌላ ጥፋት ልጨምር። ለብረቱ የሚሆነው የመሣሪያ ዘይት ለእንጨቱ ጠላት ነው። አይደርቅም፤ ውስጡ ገብቶ ያጠቁረዋል፣ ያለሰልሰዋል። ጠመንጃ አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ ለዓመታት ሲቆም ከብረቱ የሚወርደው ዘይት አንገቱ ጋ ይጠራቀማል፣ ግፊቱን የሚሸከመው ቦታ ደግሞ እሱ ነው። የድሮ ጠመንጃዎች እዚያ ጋ ጥቁር የሚሆኑት በእጅ ላብ ብቻ አይደለም።

ሠራዊቶች በመጨረሻ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሸሹት እንጨቱን ራሱን በመቀየር ነው። ጀርመኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ ለካር 98ካ ጠመንጃ ሳስተው የተቆረጡ ሳንቃዎችን በሙጫ ደራርበው ሰደፍ ሠሩ። አንዱ ሳንቃ ሊጣመም ሲል ጎረቤቱ ይይዘዋል። ክላሽም እንዲሁ ነው። የእንጨት ሰደፍ ያለው ክላሽ ካያችሁ ጎኑን ልብ በሉት፤ ከቀዩ ቅብ ሥር መስመር መስመር ሆኖ የሚታየው የሳንቃው ድርብርብ ነው። ከዚያ ፕላስቲክ መጣና ወሬው ሁሉ አበቃ። ፕላስቲኩ አያብጥም። አያምርምም።

አሁን ከሁሉም በላይ ሰው ስለሚንቀው ነገር፦ ዘይቱን ስለጠረጋችሁበት ጨርቅ። ዘይቱ ሲደርቅ ኦክስጅን ይወስዳል ብለናል፤ ያን ሲያደርግ ሙቀት ያወጣል። እንጨት ላይ ሲሆን ሙቀቱ ይበተናል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ላይ ሲጣል ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የሚባል 38 ፎቅ ሕንፃ ነበር። የካቲት 1991 (በፈረንጆች) 22ኛው ፎቅ ላይ ሠራተኞች ትተውት የሄዱት የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ በራሱ ተቀጣጠለ። እሳቱ የቆመው 30ኛው ፎቅ ላይ ነው፣ እዚያ ጣሪያው ላይ ውሃ መርጫ ስለነበረ። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ።

እና ሰደፉን አሽታችሁ ስትጨርሱ ጨርቁን ቅርጫት ውስጥ አትወርውሩት። ውጭ የልብስ ገመድ ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት፣ ደርቆ እንደ ካርቶን ሲገተር ጣሉት። ገመድ ከሌለ ውሃ የሞላው ቆርቆሮ ውስጥ ነክራችሁ ክደኑት።