«ቪዛው ወጥቷል፣ በቃ!» እና ሌሎች ሰው የሚያሳስቱ የውጭ ጉዞ ወሬዎች

አዳማ ውስጥ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚል ልጅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ፍራንኮ አካባቢ ቡና ልጠጣ ብላችሁ ብትቀመጡ ከጎናችሁ ያለው ጠረጴዛ ስለ ኤጀንሲ፣ ስለ ባንክ ስቴትመንት (የሂሳብ መግለጫ)፣ ስለ ኢንተርቪው ያወራል። ምክር ሰጪው ብዙ ነው። አብዛኛው ከቅንነት ነው የሚናገረው። ግን የተሳሳተ ምክር የስንቱን ቤተሰብ ገንዘብ በልቷል፤ ስንቷንም ልጅ ሰው አገር ያለ መብት አስቀርቷል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ቪዛ ካለ መሥራት ይቻላል»

አይቻልም። ቪዛ የመግቢያ ፈቃድ ነው። መሥራት መቻላችሁ የሚወሰነው በቪዛው ዓይነትና በሥራ ፈቃዱ ነው። በብዛት የምሰማው የዱባዩን ነው። መሄድ ያሰበችውን ልጅ «በቪዚት (በጉብኝት ቪዛ) ግቢ፣ እዚያ ትቀይሪዋለሽ» ይሏታል። የኤምሬትስ ሕግ በቪዚት ቪዛ መሥራትን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ቅጣቱ ከብዶ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ሰው የሚያሠራ ቀጣሪ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም እንዲቀጣ ተደርጓል። ተቀጪው አሠሪው ነው ብላችሁ አትጽናኑ። ይህን ቅጣት እያወቀ የሚቀጥር ሰው በድብቅ ነው የሚያሠራው። የተመዘገበ ኮንትራት የላትም፤ ደመወዟን ቢከለክላት ምን ይዛ ትከሳለች?

የሸንገኑም (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) እንደዚያው ነው። የአጭር ጊዜው ቪዛ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ለመቆየት ነው የሚሰጠው። ተቀጥሮ ለመሥራት የየአገሩ የረጅም ጊዜ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውም ሌላ ነው።

«ኤጀንሲው ክፈሉ ካለ ያው መክፈል ነው»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ሰው በብዛት የሚበላው እዚህ ነውና። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ማን ምን እንደሚከፍል ለይቶ አስቀምጧል። የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራ ፈቃዱ፣ የመኖሪያ ፈቃዱና የኢንሹራንሱ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ ልደት ሰርተፍኬትና ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ያሉትን የራሷን ሰነዶች ነው። እንግዲህ «ለቪዛ» ወይም «ለትኬት» ተብላችሁ ስትጠየቁ ይህን አስታውሱ። ደረሰኝም ጠይቁ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ነገ አላውቃችሁም ይላል።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ አዋጅ ኤጀንሲ ሠራተኛ መላክ የሚችለው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ የሥራ ስምሪት ስምምነት ወዳላት አገር ነው፤ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ዮርዳኖስና ኳታር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ፈቃድ የሚሰጠው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የንግድ ፈቃድ ሰው ወደ ውጭ ለመላክ አያበቃም፤ የዚያ ሥራ ፈቃድ ለብቻው ነው። አዳማ ያለው ቢሮ «የአዲስ አበባው ቅርንጫፍ ነን» ካለም የዋናውን ቢሮ ስም ያዙና ሚኒስቴሩ ዘንድ አጣሩ። አንድ ስልክ መደወል ነው፣ እባካችሁ አትለፉት።

ካናዳ እንሄዳለን የሚሉም ይስሙ። እዚያ ቀጣሪው የውጭ ሠራተኛ ለማምጣት ኤልኤምአይኤ የሚባል የሥራ ገበያ ግምገማ ማስፈቀድ አለበት። ክፍያው 1,000 የካናዳ ዶላር ነው፤ ቀጣሪው ነው የሚከፍለው፣ ከሠራተኛው ላይ ማስመለስም በሕግ አይፈቀድለትም። ስለዚህ «ኤልኤምአይኤ በዚህን ያህል ብር አለኝ» የሚል ደላላ ከመጀመሪያው ቃሉ ሕገወጥ ነው።

«አንድ ፊደል ብትለያይ ምን ችግር አለው?»

ትልቅ ችግር አለው። ስማችንን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደመጣልን ነው የምንጽፈው። ፀሐይ የምትባል ልጅ ፓስፖርቷ ላይ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ ዲግሪዋ ላይ በ«ኤስ» ብቻ ተጽፋ ትገኛለች። እኛ አንድ ሰው መሆኗን እናውቃለን። ፋይሉን የሚያየው የሌላ አገር ሰው ግን ሁለት ሰው ነው የሚታየው። ፓስፖርታችሁን መነሻ አድርጉና ሌሎቹን ሰነዶች ከእሱ ጋር አስተያዩ። ልዩነት ካለ ሰነዱ ማኅተም መሰብሰብ ሳይጀምር አስተካክሉት፣ ምክንያቱም ካረጋገጣችሁት በኋላ ስህተት ብታገኙ ሁሉንም እንደገና ልትዞሩ ነው።

የልደት ቀንም አለ። «ስምንት ዓመት መደመር ነው» ይባላል፣ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ለተወለደ ሰባት ነው የሚደመረው፤ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን ካከበሩ በኋላ ነው ስምንት የሚሆነው። ወሩና ቀኑም ይለወጣል። ጥር 10 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በእነሱ ጃንዋሪ 18 ቀን 1998 ነው። ፎርም ላይ ግን ጃንዋሪ 10 ብሎ የሚሞላ አለ፤ በኋላ «ዕድሜሽን ለምን ቀየርሽ» ተብሎ ይጠየቅበታል።

ባልና ሚስትም የተለያየ የአባት ስም መያዛችሁ ስህተት አይደለም። የጋብቻ ሰርተፍኬታችሁን ያዙ። ልጇን ይዛ የምትሄድ እናትም የልጁን ልደት ሰርተፍኬት አትርሳ፣ በስም ብቻ እናትና ልጅ መሆናቸው አይታወቅምና።

«አንድ ቦታ ካረጋገጥኩት ሰነዴ ጨርሷል»

አልጨረሰም። ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ከዘለላችሁ ይመልሷችኋል። ከአዳማ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ቅርብ ነው፣ ቢሆንም በባዶ መመላለስ ያደክማል፣ ገንዘብም ይጨርሳል።

«ስቴትመንት ማሳደግማ ሁሉም የሚያደርገው ነው»

ይህ በጣም ያሳስበኛል። ገንዘብ ተበድሮ ለጥቂት ቀን አካውንት ውስጥ ማስገባት፣ የሌለ ሥራ ደብዳቤ ማጻፍ፣ እንደ ቀላል ነገር ይወራል። ፋይል የሚያዩት ሰዎች የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይደለም የሚያዩት፤ ገንዘቡ በየወሩ እንዴት ሲገባና ሲወጣ እንደቆየም ያያሉ። በድንገት የገባ ብር ወዲያው ዓይን ይስባል። ወንድማችሁ በእውነት ከረዳችሁ ከየት እንደመጣ በደብዳቤ ግለጹ፣ እውነት እስከሆነ ድረስ አያሳፍርም።

ሐሰተኛ ሰነድ ከተያዘ ግን ካናዳ 5 ዓመት፣ እንግሊዝ እስከ 10 ዓመት ትዘጋለች። አሜሪካ ደግሞ በማጭበርበር ቪዛ የጠየቀን ሰው ለዕድሜ ልክ ልታግድ ትችላለች። «ደላላው ነው የሞላው» ማለትም አያድንም። የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ። ፎርሙን ሳታነቡ፣ ካልገባችሁም የሚያስረዳችሁ ሰው ሳታገኙ አትፈርሙ።

«አንዴ ሪጄክት ከተደረግኩ አለቀልኝ»

አላለቀም። መከልከል እገዳ አይደለም። የተከለከላችሁበትን ምክንያት አንብቡና ያንን አስተካክላችሁ እንደገና አመልክቱ። የሸንገን ክልከላ ምክንያቱ ተጠቅሶ በጽሑፍ ነው የሚመጣው፤ ይግባኝም ይፈቀዳል። የሚያበላሸው በሚቀጥለው ፎርም ላይ «ተከልክዬ አላውቅም» ብሎ መሙላት ነው። ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መልስ መስጫውን ከ15 ወደ 45 ቀን እንዳራዘመው አስታውሳችሁ ቀደም ብላችሁ አመልክቱ።

«አሠሪው ፓስፖርት መያዙ ደንብ ነው»

ልማድ ሆኗል እንጂ ደንብ አይደለም። ሳዑዲም ኤምሬትስም ኳታርም በሕግ ይከለክላሉ። ሕጉ ቢኖርም ብዙ ቤት ሲጣስ ይታያል። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት የፓስፖርቱ፣ የቪዛው፣ የኮንትራቱ ሁሉም ገጽ ፎቶ ተነስቶ ቤት ይቅር፣ ለእናቷም ለወንድሟም ስልክ ይላክ። ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ሲወጣም እንደዚያው። የአሠሪዋን ሙሉ ስም፣ የቤቱን አድራሻና ያስቀጠራትን ኤጀንሲ ስልክ ቤተሰቡ ይያዝ። ችግር ሲመጣ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ሪያድ ወይም አቡዳቢ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ከሆነች ቆንስላው ዘንድ ትደውል፤ ዝም ብላ ከወጣች ከፊሉ፣ ማለትም አሠሪዋ፣ «ጠፍታለች» ብሎ ሁሩብ (ከሥራ የመጥፋት ክስ) ሊያስመዘግብባት ይችላል፣ ያኔ ኢቃማዋ አይሠራም፣ ያልተከፈላትን ደመወዝ መጠየቅም በጣም ይከብዳታል።