ፎርም ላይ በተን «ከስተማይዝ ማድረግ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው «በተኑን ከስተማይዝ አድርገነዋል» ብሎ ሲጽፍ አየሁ፤ የሶፍትዌሩ ፎርም ላይ የሚጫነውን በተን ለእኛ እንዲስማማ አስተካክለነዋል ማለቱ ነው። ምን እንዳደረጉ ዝርዝሩን አነበብኩ። ስሙን ቀይረዋል። ቀለሙን አረንጓዴ አድርገዋል። ከተራው ሠራተኛም ደብቀውታል። «በዚህ የፈቃድ ቁጥጥሩ አለቀ» ይላል። ኧረ ገና አልተጀመረም! ይህን አባባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ስላልሆነ ዛሬ ልጻፍበት።

በተን ማለት ማህተም ነው። ማህተም እጀታ አለው፤ ሥሩ ላይ ደግሞ የተቀረጸ ጽሑፍ አለው። እጀታውን ቀይ ብትቀቡት ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ያው የተቀረጸው ነው። የበተኑ ስምና ቀለም እጀታው ናቸው። የተቀረጸው ደግሞ በተኑ ሲጫን ሰርቨሩ ላይ የሚጠራው ኮድ ነው።

ኦዱ (Odoo) የሚባለውን የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር እንውሰድ። የግዢ ፎርሙ ላይ «ኮንፈርም ኦርደር» የሚል በተን አለ። ሴቲንግ ገብታችሁ የግዢ ማጽደቂያውን ስታበሩ የገንዘብ ጣሪያው 5,000 ተብሎ ይጠብቃችኋል። ገዢው የ3,000 ብር ኦርደር ላይ በተኑን ሲጫን ግዢው በቀጥታ ያልፋል። የ20,000 ብር ኦርደር ላይ ሲጫን ግን «ቱ አፕሩቭ» (ማጽደቅ የሚጠብቅ) ላይ ይቆማል፤ ኃላፊውን ይጠብቃል። ኃላፊው ራሱ ከተጫነው ደግሞ በ20,000ውም ያልፋል። በተኑ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት። የሚወስነው ከኋላ ያለው ኮድ ነው።

እንግዲህ የዚህን በተን ስም «አጽድቅ» ብላችሁ ቀይሩት። ገዢው የ20,000 ብሩን ኦርደር ከፍቶ «አጽድቅ» ይጫናል፤ የጸደቀ መስሎት ለአቅራቢው ይደውላል። ኦርደሩ ግን ገና ኃላፊው ጋ ነው ያለው። ስም መቀየር ቀላል ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን አላዩም።

ወደ መደበቁ እንምጣ። መደበቅ ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ መሄድ ነው። ጥሩ ነው፣ ይደረግ። ግን መዝገብ ቤቱ ማህተም የሌለበትን ወረቀት ተቀብሎ ፋይል የሚያደርግ ከሆነ ቁልፉ ምን ዋጋ አለው? ኦዱ ላይ በተኑን ለተወሰነ ግሩፕ ብቻ እንዲታይ ስታደርጉ የሚጠፋው ከስክሪኑ ነው። ኮዱ ራሱ ፈቃድ ካልጠየቀ አካውንት ያለው ሰው በኤፒአይ (ያለ ስክሪኑ፣ በፕሮግራም ሰርቨሩን ማዘዣ መንገድ) በኩል ሊጠራው ይችላል። የኦዱ ሠሪዎች ራሳቸው «አፕሩቭ ኦርደር» የሚለውን የማጽደቂያ በተን የሚያሳዩት ለግዢ ኃላፊ ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ ኮዱ ውስጥ «ይህ ሰው ማጽደቅ ይችላል ወይ?» ብለው እንደገና ይፈትሻሉ። ደጋግመው የሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ኤፒአይ የሚያውቅ ሠራተኛ የለንም የሚል ይኖራል። ኤፒአይም አያስፈልግም። አንድ ድርጅት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የማጽደቂያውን በተን በደንብ ደብቀውታል። ግን ከፎርሙ በላይ ያለውን፣ ኦርደሩ የደረሰበትን ደረጃ የሚያሳየውን የስታተስ መስመር በክሊክ እንዲቀየር አድርገውታል፤ «ለሥራ ይመቻል» ተብሎ። ሠራተኞቹ በተኑን ሲያጡት መስመሩ ላይ «ፐርቼዝ ኦርደር» የሚለውን፣ ማለትም የጸደቀ ግዢ ደረጃውን፣ መጫን ለመዱ። ስታተሱ ይቀየራል፤ የበተኑ ኮድ ግን አይሠራም። የዕቃ መቀበያ ሰነዱን የሚፈጥረው ደግሞ ያ ኮድ ነው። መኪናው በር ላይ ቆሞ ካርቶን ይወርዳል፤ ስቶር ኪፐሩ ስክሪኑ ላይ የሚቀበልበት ሰነድ ፈልጎ ያጣል። ኦርደሩ «ተገዝቷል» ይላል፣ ስቶሩ ምንም አያውቅም። በወረቀቱ ጊዜ ቢሆን ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ሳይቆረጥ ዕቃ ገባ እንደማለት ነው። ስቶር ኪፐሩ ጥፋተኛ መስሎ ሲቆም አይቼ በጣም አዘንኩ። ክሊኩን ዘጋንና ኦርደሮቹን አንድ በአንድ ወደ ረቂቅ መልሰን በበተኑ አሳለፍናቸው።

ስለዚህ በተን ከስተማይዝ ማድረግ ማለት ሲጫን ምን እንደሚሆን፣ ማን ሲጫነው እንደሚሠራ፣ ሰነዱ ከየት ወደ የት እንደሚያልፍ መወሰን ነው። ስምና ቀለም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ስም ካነሳን ግን፣ በአማርኛ ለምትተረጉሙ አንድ ነገር ልጨምር። ካንስልንም ዲሊትንም «ሰርዝ» እያልን እንጽፋለን። ካንስል የተደረገ ኦርደር ቁጥሩና ታሪኩ እንዳለ ይቀመጣል። ዲሊት የተደረገው ግን ከዝርዝሩ ይጠፋል። ኮንፈርም የተደረገ የሽያጭ ኦርደር ሲሆን ደግሞ ኦዱ መጀመሪያ ካንስል ካላደረጋችሁት ዲሊት አያደርግላችሁም፤ ሁለቱም «ሰርዝ» ከተባሉ ተጠቃሚው «ለመሰረዝ መጀመሪያ ሰርዝ» የሚል መልእክት ሊያነብ ነው። እኔ ካንስሉን «ሰርዝ»፣ ዲሊቱን «አጥፋ» እላለሁ። «አጥፋ»ው ላይ ደግሞ ከመጥፋቱ በፊት «ይህ ኦርደር ተመልሶ አይገኝም፣ ይጥፋ?» ብሎ የሚጠይቅ መስኮት አደርግበታለሁ።